ሁለት ጊዜ ያለቀው ፊልም

ሐይቅ ከተማ በመሬት ወሰን ተጣልታ ታውቃለች። በግጦሽም፣ በመስኖ ተራም፣ ውሃው ላይ በተጣለ መረብም ተጣልታለች። ኮከብ ድረስ ሄዳ ስለተመለሰች የፈረንጅ ሴት ስትጣላ ግን ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ነገሩ የተነሳው ከጠሃ ቪዲዮ ቤት ነው። ቪዲዮ ቤቱ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከዝናው ፀጉር ቤት ጎን ይገኛል። ከፊት የሞባይል መጠገኛ አለው፣ ከኋላ ደግሞ በጥቁር ሸራ የተጋረደ አዳራሽ። አዳራሽ የሚለው ጠሃ ራሱ ነው። ሌላው ሰው ጓዳ ይለዋል።

ጠሃ ፊልሙን የሚያሳየው በማይክ እየተረጎመ ነው። እንግሊዝኛው አሥረኛ ክፍል ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ በዚህ የተቸገረ ተመልካች ግን የለም። ሰዎቹ ሲሮጡ «አምልጥ!» ይላል፣ ሲቃቀፉ ዝም ይላል፣ ረዘም ያለ ነገር ሲያወሩ ከራሱ ይጨምራል። የጠሃ ፈረንጆች በወላሂ ይምላሉ፣ ሲጨንቃቸው «ያረቢ» ይላሉ፣ ሲኳረፉ ሽማግሌ ይላላካሉ። ከውጫሌ ባጃጅ ተኮናትሮ የሚመጣው ሰው ለፊልሙ ብሎ አይደለም፤ ለጠሃ አፍ ነው።

ይህ አፍ ከማይኩ ሲርቅ አይሠራም ነበር። ዙለይሃ ፊት ሲሆን ደግሞ ጭራሽ።

ዙለይሃ ስድስት ዓመት ጅዳ ሠርታ የተመለሰች ልጅ ናት። እሷ እዚያ ሳለች እናቷ ወይዘሮ ዑምኩልሱም በየጁምዓው ወደ ጠሃ መጠገኛ እየመጡ በኢሞ ቪዲዮ ያወሯት ነበር። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ስልኩን ይዞ የሚቆምላቸው ጠሃ ነው። ስለዚህ ዙለይሃ በደወለች ቁጥር የምታየው ሁለት ነገር ነበር፤ መሃል ላይ የእናቷን ፊት፣ ጥግ ላይ ካሜራውን በከፊል የጋረደ አንድ አውራ ጣት። ጣቱ ላይ መበየጃ ያቃጠለው፣ የአዲስ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠባሳ አለ።

በተመለሰች ሰሞን ስልኳ ቻርጅ አልይዝ ብሎ ወደ መጠገኛው ገባች። ጠሃ ቀና ሳይል እጁን ዘረጋ። እሷም ስልኩን ሳትሰጠው ቆመች።

«አንተ ነህ እንዴ?» አለችው።

«ማን?»

«አውራ ጣቱ።»

ጠሃ ጣቱን በሌላኛው እጁ ሸፈነ። ሰርቆ የተያዘ ነገር ይመስል ነበር አሸፋፈኑ።

«ስድስት ዓመት ሙሉ እናቴን ላይ ብዬ ደውዬ አንተን አይቼ ነው የምዘጋው» አለች። «ጥፍርህን የቆረጥክ ቀን አውቃለሁ። አንዴ በረመዳን የሌላ ሰው እጅ ስልኩን ቢይዘው፣ እናቴን ሰላም ሳልላት በፊት “የት ሄደ?” አልኳት።»

«ታምሜ ነው። ምን አሉሽ?»

«“ማ?” አለችኝ። ምን ልበላት? ስምህን አላውቀው።»

ጠሃ በዚያች ቅጽበት ሊናገር የሚፈልገው ነገር ቢጻፍ የአንድ ሙሉ ፊልም ትርጉም ይወጣው ነበር። ስልኩን ተቀብሎ የቻርጀር ማስገቢያውን ወደ ብርሃኑ አዞረና «ቆሻሻ ገብቶበት ነው» አለ። እፍ አለበትና መለሰላት።

ከዚያ ወዲህ የዙለይሃ ስልክ በየሳምንቱ ይበላሽ ጀመር። ጠሃም ጤነኛውን ስልክ ይፈታል። ለመግጠም አይቸኩልም። እሷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እጁን ታያለች፤ እሱ እንደምታየው እያወቀ ካቻቪቴውን ይጥላል፣ ያነሳል፣ ደግሞ ይጥላል። ሌላ ነገር አልተባባሉም።

ደላላው ሁለተኛ ቪዛ እያስጨረሰላት መሆኑን ግን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ጠሃም ያውቃል። አንድ ቃል ቢተነፍስ ትቀር ይሆናል፤ ባይተነፍስ ትሄዳለች። አንዷን ቃል ነው ያጣት።

በዚህ መሃል ነው ከደሴ በፍላሽ ያ ፊልም የመጣው።

ጠሃ ሰሌዳው ላይ «ከኮከብ መልስ» ብሎ ጻፈበት። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት መሐንዲስ ጊዜ ቀስ ብሎ ወደሚሄድበት ሩቅ ኮከብ ትላካለች። እሷ እዚያ አንድ ክረምት ስትከርም፣ እጮኛዋ እዚህ ምድር ላይ ሃያ ዓመት ይጠብቃታል። ስትመለስ እሷ እንደሄደች ናት፣ እሱ ሸብቷል። የመጨረሻው ትዕይንት ላይ በሩን ከፍታ ደፉ ላይ ትቆማለች። እሱ ከውስጥ ተቀምጧል። ይነጋገራሉ፣ ታለቅሳለች፣ ይጨልማል። አለቀ። ከስር የዓረብኛ ጽሑፍ ይሄዳል። ጠሃ ቁርኣን ስለቀራ ፊደሉን ያነባል፤ ትርጉሙን ግን አያውቅም።

ማክሰኞ ለታ ዙለይሃ አልመጣችም። ጠሃ የልቡን የሚሰማበት ሰው እንደሌለ ሲያውቅ አፉ ተፈታ። ሸብቶ የጠበቀውን ሽማግሌ እንዲህ አስባለው፦

«አትሂጂ። ሃያ ዓመት የጠበቅኩት በር ላይ ቆመሽ እንድትሰናበቺኝ ነው? ሽበቴን አትዪው፤ ሽበቴ ያንቺ መንገድ አቧራ ነው። ግቢ።»

ቤቱ አለቀሰ። ደጃፉ ላይ ዓሳ እየጠበሰች የምትሸጠው ተሻለች፣ በነጻ ገብታ ማየት የለመደች ሴት፣ አንድ መጥበሻ ሙሉ ዓሳ አሳረረች።

ቅዳሜ ለታ ዙለይሃ መጥታ ከኋላ የሴቶቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ጠሃ በጨለማው ውስጥ በሳሏ ለያት። የመጨረሻው ትዕይንት ሲደርስ፣ እሷ ባለችበት «አትሂጂ» ቢል ቤቱ ሁሉ ዘወር ብሎ የሚያየው መሰለው። ስለዚህ ሽማግሌው ከማክሰኞ ወዲህ ሐሳቡን ቀየረ፦

«ሂጂ። ዕድሜሽን ከኔ ከሽማግሌው ጋር አትጨርሺው። እኔ እንደሆንኩ መቀመጥ ለምጃለሁ። መንገድሽ የቀና ይሁን።»

ቤቱ አሁንም አለቀሰ። የቅዳሜው ለቅሶ ከማክሰኞው የተለየ እንደነበር ግን ያወዳደረ አልነበረም።

እሁድ ዝናው ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆሞ ፍርዱን ሰጠ።

«ወንድ ማለት ያ ሽማግሌ ነው። የሚወዳትን በክብር ሸኛት።»

«የምን መሸኘት?» አለች ተሻለች ዓሳዋን እየገለበጠች። «ግቢ አላት እንጂ።»

«ሂጂ ነው ያላት።»

«ተኝተህ ነበር?»

«ዓይኔን ሳልከድን ነው ያየሁት።»

«ዓይንህን ማን አማው? የተኛው ጆሮህ ነው። ደግሞስ ሃያ ዓመት የጠበቀ ወንድ አግኝታ ትሄዳለች? እኔን ባሌ ዓሳው እስኪበስል አልጠበቀኝም።»

እስከ ማክሰኞ ሐይቅ «ግቢ ባይ» እና «ሂጂ ባይ» ተብላ ለሁለት ተከፈለች። ተሻለች ዓሳ ከማቅረቧ በፊት ወገን ትጠይቃለች፤ ግቢ ባይ ከወገቡ ይበላል፣ ሂጂ ባይ ጭራ ይደርሰዋል። ዋለ የሚባለው የሳይንስ መምህር ገለልተኛ ሆኖ ለመተቸት ሞክሮ «ፍቅሩን ተዉት፤ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚሄድበት ቦታ መኖሩ ግን በሳይንስ የተረጋገጠ ነው» አለ። «የት ነው?» ሲሉት ቀበሌ ሄዶ መታወቂያ የጠየቀ ሰው ያውቀዋል አለ። ሁለቱም ወገን ገለልተኛነቱን ጠላበት። ጭራም አላገኘም።

ጠሃን ሲጠይቁት «ያየ ይፍረድ» እያለ ስልክ ውስጥ አንገቱን ይቀብራል።

ረቡዕ ከሰዓት ዙለይሃ መጣች።

«ዛሬስ ምኑ ነው?» አለ ጠሃ እጁን ዘርግቶ።

«ስልኬ ደህና ነው። የተበላሸው ፊልሙ ነው።»

ጠሃ እጁን መለሰ።

«ቅዳሜ ሽማግሌውን ብዙ አስወራኸው» አለች። «ከስር የተጻፈለት ግን አንዲት መስመር ናት።»

«ዓረብኛ ታነቢያለሽ?»

«ፊደሉን ከቂርኣት ቤት፣ ቃሉን ከካርቱን። የሰው ልጆች ሳሳድግ አንበሳውም ጥንቸሉም በዓረብኛ ነው ሲያወሩኝ የኖሩት።»

«መስመሯ ምን ትላለች?»

«እሱ ይቆየን። እዚያ ቦታ ብዙ የምትናገረው ሴትየዋ ናት። የሷን የት አደረስከው?»

«እሷማ ታለቅስ ነበር።»

«እያለቀሰች ነዋ የምትናገረው። ሁለቱን አብሮ ማድረግ ይቻላል፤ እኔ ጅዳ ሆኜ እናቴን ሳወራ አላየኸኝም?»

አይቷታል። አሁንም አያት። እሷ ግን መስኮቱን፣ በመንገዱ የሚያልፈውን ሚኒባስ ነበር የምታየው።

«ከተማው ሁሉ ያስቀራት፣ ይሸኛት ይላል» አለች ቀስ ብላ። «እሷስ ምን አለች ያለ አንድ ሰው አልሰማሁም። ኮከብ ድረስ ደርሳ የመጣች ሴት አፍ የላትም?»

ግድግዳው ላይ ያሉት ለጥገና የመጡ ስልኮች አንድ በአንድ ሲጠሩ ማንም አላነሳቸውም።

«ቪዛው መጥቷል» አለች።

ካቻቪቴው ከጠሃ እጅ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ፈለገው። ሲነሳ ያገኘው ካቻቪቴውን ብቻ ነበር።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለ።

«ሽማግሌውንም እንዲሁ ነው ያደረግከው» ብላ ወጣች።

ነገሩ ገደብ ያለፈው በማግስቱ ነው። ሀምዱ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ፀጉሩን ሊስተካከል ዝናው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቶንዶሱ ግማሽ ራሱ ላይ ሲደርስ ግቢ ባይ መሆኑ አመለጠው። ዝናው ማሽኑን አጠፋ። «ቀሪውን ተሻለች ትጨርስልህ» አለው። ሀምዱም ግማሽ ራሱን እንደ ማስረጃ ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ዋለ። ማታ ላይ የባጃጅ ተራው ለሁለት ተከፍሎ ድንጋይ ሊማዘዝ ምንም አልቀረውም።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ከወዲህ ሸህ አብዱልሃሚድ፣ ከወዲያ ከውጫሌ መጥተው ሐይቅ የከተሙት ጋሽ ታረቀኝ። ከሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር ሆነው ምስክር ሰሙ። ተሻለች ማለች፤ ዝናውም ማለ። ሀምዱ ባርኔጣውን አወለቀና ግማሽ ራሱን አሳየ።

ጋሽ ታረቀኝ ረጅም ጊዜ መሬቱን በከዘራቸው ሲጭሩ ቆዩ።

«አንቺ መቼ ነው ያየሽው?»

«ማክሰኞ።»

«አንተስ?»

«ቅዳሜ።»

«ሁለታችሁም አልዋሻችሁም» አሉ ጋሽ ታረቀኝ። «እኛ ውጫሌዎች ይህን ነገር እናውቀዋለን። አንድ ወረቀት በሁለት አፍ ሁለት ነገር ሲናገር አገራችን ላይ አይተናል። የዚያ ጊዜ መዘዙ በግማሽ ፀጉር አላለቀም። ተርጓሚውን ጥሩት።»

ጠሃ መጥቶ ቆመ።

«ልጄ፣ ለምን ለያየኸው?» አሉት ሸህ አብዱልሃሚድ።

«ማክሰኞ ማይኩ ደህና ነበር፣ ሸህ።»

«ቅዳሜስ ማይኩ ምን ሆነ?»

ጠሃ ከሰዉ ኋላ እናቷን ደግፋ የቆመችውን ዙለይሃን በዓይኑ ጫፍ አየና አንገቱን ደፋ።

«ፈራ» አለ።

ሸህ አብዱልሃሚድ ጠሃን አዩ፤ ጠሃ ያየበትን አቅጣጫ አዩ፤ ጢማቸውን ዳሰሱ። ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም። እሁድ በስምንት ሰዓት ሁለቱም ወገን በተገኘበት ፊልሙ እንዲታይ፣ መጨረሻውን ዓረብኛ የምታውቀው ዙለይሃ እንድታነበው ተወሰነ።

እሁድ ሸህ አብዱልሃሚድ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቪዲዮ ቤት መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መስጊድ በቀኝ እግር ነው የሚገባው፣ ሽንት ቤት በግራ። ይኸኛው ከየትኛው እንደሚመደብ ለጥቂት ጊዜ አሰቡ። ከኋላቸው ሰው ሲበዛ «ቢስሚላህ» ብለው በቀኙ ገቡ። ጋሽ ታረቀኝ አማተቡና ተከተሏቸው።

ጠሃ እስከ መጨረሻው አሳምሮ ተረጎመ። መንኮራኩሯ ስትነሳ «ያረቢ ጠብቃት» አለ፣ ቤቱም «አሚን» አለ። ሽበቱ ሲመጣ ድምፁ ሻከረ። በሩ ተከፍቶ ሴትየዋ ደፉ ላይ ስትቆም ከወንበሩ ተነሳና ማይኩን ለዙለይሃ ሰጣት። እጃቸው አልተነካካም፤ ማይኩ ግን ሁለት ጊዜ ጮኸ።

ሽማግሌው አፉን ከፈተ።

«“ብርድ ነው። በሩን ዝጊው።”» አለች ዙለይሃ።

ቤቱ ጠበቀ።

«ይኸው ነው?» አለ ዝናው።

«ይኸው ነው።»

ዝናው ትንሽ አሰበ። «ከውስጥ ነው ከውጭ የምትዘጋው?»

«አልተጻፈም።»

«ከውስጥ ነዋ!» አለች ተሻለች። ግማሹ ቤት «ከውጭ» አለ፣ ግማሹ ቆመ፣ ጋሽ ታረቀኝ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

«ገና እሷ አልተናገረችም» አለች ዙለይሃ። የቆመው ሁሉ ተቀመጠ። ሴትየዋ ማውራት ጀመረች፤ ዙለይሃም ማንበብ።

«“ሩቅ አገር ነበርኩ። እዚያ ብዙ ፊት አየሁ፣ የኔ የምለው አልነበረም። ቤቴ ስደውል አንድ አውራ ጣት አይ ነበር።”»

«የምን አውራ ጣት?» አለ ዝናው። «ፊልሙ ላይ አውራ ጣት አለ?»

«ዝም በል» አለችው ተሻለች።

«“ሰው ስልክ ይዞ ሲቆም እጁ ይዝላል። ያ እጅ አንድ ቀን አልዛለም። እናቴ ያለችኝን ረስቼ ይሆናል፣ ጠባሳውን ግን አልረሳሁም። አሁን ደግሞ ተመለሺ ተብዬ ተጠርቻለሁ።”» ድምፏ ተሰበረ፤ ማንበቧን ግን አላቆመችም። ሁለቱን አብሮ ማድረግ ይቻላል። «“አልሄድም። ግቢ ስለተባልኩ አይደለም። ሂጂ ስላሉኝም እልህ ይዞኝ አይደለም። ስልክ ሲይዝ የኖረው ሰው ሲናገር ምን እንደሚል ሰምቼው ስለማላውቅ ነው።”»

ስክሪኑ ላይ ሴትየዋ አፏን ከዘጋች ቆይታለች። የሠራተኞቹ ስም ወጥቶ፣ ወጥቶ፣ አልቋል። ዙለይሃ የጠቆረ ስክሪን ነበር የምታነበው።

«አልቋል እኮ!» አለ ዝናው። «ሸህ፣ እርስዎ ዓረብኛ ያውቃሉ። ይህ ሁሉ ተጽፏል?»

ሸህ አብዱልሃሚድ መነጽራቸውን አወለቁ። በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉት። መልሰው አድርገው ባዶውን ስክሪን ከላይ እስከ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ አዩት።

«ሰሂህ ነው» አሉ። «ቃል በቃል።»

«እንግዲያው ተርጓሚው የሚጨምረው ካለ ይናገር» አሉ ጋሽ ታረቀኝ።

ዙለይሃ ማይኩን ዘረጋችለት። ጠሃ ተቀብሎ ወደ አፉ አስጠጋው፤ ማይኩ ጮኸ። አየውና ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ያለ ማይክ ሲናገር ያን ቀን ነው የሰሙት።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑ?» አለ ከኋላ ያለ ሰው።

«አውራ ጣቱ።» ከዚያም ወደ እሷ ዞሮ፣ ቤቱ ሙሉ እያየው፣ «አትሂጂብኝ» አለ። «ማክሰኞ ያልኩት ነው ልክ። ቅዳሜ ዋሽቻለሁ።»

ዙለይሃ የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ አስጠግታ ሳቀች። ሳቋ ከሻሹ አመለጠ። ጠሃም እጁን ከኪሱ አወጣ፤ አልሸፈነውም።

«ከውስጥ ነው የምትዘጋው ብዬ ነበር» አለች ተሻለች፣ ወደ መጥበሻዋ እየወጣች።

ውጭ ላይ ጋሽ ታረቀኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እውነት ተጽፎ ነበር?» አሉ።

«ለማስታረቅ ሲሆን ዲኑ ጥቂት ውሸት ይፈቅድልናል» አሉ ሸህ አብዱልሃሚድ። «ይልቅ አንዴ ከተቀመጥን አይቀር፣ ነገ እናቷ ዘንድ እንሂድ።»

ሄዱም። ወይዘሮ ዑምኩልሱም ሲሰሙ ቆይተው «ልጁን አላውቀውም እንዳልል ስድስት ዓመት ስልክ ይዞልኛል» አሉ። «አውቀዋለሁ እንዳልል አንድ ቀን ሲያወራ አልሰማሁትም። ከተናገረ ይሁን። ደላላውን ግን እሱ ይንገረው፤ መናገር ይልመድ።»

ኒካው ከመታሰሩ በፊት ዝናው የሀምዱን ቀሪ ፀጉር በነጻ ጨረሰለት። ተሻለችም ለዝናው ከወገቡ ሰጠችው።

«ከኮከብ መልስ» ዛሬም አልፎ አልፎ ይታያል። እስከ መጨረሻው ጠሃ ይተረጉማል፣ በሩ ሲከፈት ማይኩን ዙለይሃ ትቀበላለች። ከውጫሌ የሚመጡት እንግዶች ጣቱን እየፈለጉ ስክሪኑ ላይ ያፈጣሉ፣ አጥተው «የቱ ጋ ነው?» ይላሉ። መልስ የሚሰጣቸው ዝናው ነው። በስተቀኝ፣ የበሩ እጀታ ላይ፣ ጠባሳው ሳይቀር በዓይኑ እንዳየው ይምልላቸዋል።